ርክክብ

ቁጭ በይ፣ ዘሃራ፣ ጋውንሽን ቆልፊ፣
መዝገቡ ላይ ያለው ግማሹ ነው፤ ግማሹን ከአፌ ጻፊ።
አልጋ ቁጥር አምስት፣ ይማም የሚሉት ሰው፣
ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ክር ሲያጠነጥን የኖረ ነው።
ሐረጎን በአምቡላንስ፣ በጉም ውስጥ ሲወጣ
ሾፌሩ መንገድ ጠፍቶበት በጥሩምባ ነው የመጣ፤
ታች ቦርከና ጠፍቶ፣ ላይ ጦሳ ጠፍቶ፣
ሰውየው ተቀምጦ፣ ወደ ፊት ተደፍቶ።

መተኛት እንቢ አለ። ጋደም ሲል ይታፈናል።
ወንድሙ «ጨጓራው ነው፣ ትናንት ዱለት በልቷል» ይላል።
ሚስቱ ከግድግዳው ተጠግታ ዝም ብላለች፤
ኋላ ግን «ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ ሦስት ወሩ» አለች።
ይቺን ቃል ያዣት። ሦስት ወር አንሶላ ያጠበ እጅ
ከማሽን ይልቅ ያውቃል፤ አትናቂው እንጅ።

ሞኒተሩማ ያው ነው፣ በጥፊ ካልመቱት አይበራ፤
በእጄ ለካሁ ግፊቱን፦ ሰማንያ በሰባ፣ ያውም በመከራ።
ላይና ታቹ እንዲህ ተጠጋግቶ ስታዪ
ባትሪ አብሪ፣ ጎንበስ በይ፣ አንገቱን እዪ።

የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ ተቀምጦ እንኳ አልወረደ፣
እንደ ተወጠረ ገመድ እስከ ጆሮው የሄደ።
ልቡን ሳዳምጠው ሩቅ ነው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ
በር የሚያንኳኳ ሰው፣ «ክፈቱልኝ» ብሎ።
ሳንባው ሲር ሲር አይል። አየሽ፣ አስም አይደለም።
የእጁን ሥር ያዝሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ዝም።

አየር ሲስብ ትርታው ከጣቴ ሥር ይጠፋል፣
ሲያስወጣ ደግሞ መጥቶ ነክቶኝ ያልፋል።
ይጠፋል። ይመጣል። ይጠፋል።
ሐረጎ ጥምዝ ላይ እንዳለች የመኪና መብራት፣
ጉም እየዋጠ እንደሚተፋት።

ዶክተር ኑርልኝ ልጅ ነው፤ ሁለት ሌሊት አልተኛም፣
እብጠት አይቶ «ላሲክስ» አለ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አላጠፋም።
መርፌውን ሞላሁት። እጄ ላይ ቀረ።
ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እዚሁ አልጋ ላይ፣ እንዲህ ነበረ፦

እትዬ ጦይባ፣ ከቦሩ ሜዳ የመጡ፣
እንዲሁ አንገታቸው ተገትሮ፣ ቁጭ ብለው ትንፋሽ ሲያማጡ፤
«ላሲክስ» ተባለ፣ ሰጠሁ። «አብሽሩ» አልኋቸው።
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በነጠላቸው ሸፈንኋቸው።
ማንም አልጠየቀኝ። ቢጠይቁኝም መልስ የለኝ።
ያ «አብሽሩ» ያልሁት ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አልሰጥም» አልሁ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ።
«እስቲ እጁን ይያዙት።» ያዘ። ቆየ። ፊቱ ተለወጠ።

የአልትራሳውንዱን ቁልፍ የያዘው ሰው ፒያሳ ነው ቤቱ፤
ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ በብረት ነቀለው ቁልፉን ከነእንጨቱ።
(ከደሞዜ ይቆረጣል፣ ፈርሜያለሁ። ይቆረጥ።)
ስክሪኑ ላይ ጥቁር ውሃ፣ መሃሉ ልቡ ሲዋልል፣ ሲናወጥ፤
ከረጢቱ ሞልቶ፣ ከውጭ ተጭኖት፣
ደም ሊቀበል ሲከፈት ቦታ የነፈገው፣ የዘጋበት።

ያበጠ ሰው ነው፤ ግን ጨው ውሃ ሰቀልንለት፣ አትገረሚ፤
የታነቀ ልብ በግፊት ነው የሚሞላ፣ ያቺን ግፊት አትቀሚ።
ረዥሙ መርፌ ከደረት አጥንቱ ጫፍ ሥር፣ ወደ ግራ ትከሻው አነጣጥሮ
ኑርልኝ ገፋ፤ ትንፋሹ ከሰውየው ትንፋሽ አጥሮ።
መጣ። ደም የመሰለ፣ ቀጭን ሻይ የመሰለ።
ሃያ ሚሊ። አርባ። ስድሳ ላይ የአንገቱ ሥር ተኛ፣ ቀለለ።
አየር ሲስብም ትርታው ከጣቴ ሥር አልጠፋ፤
ያቺ መኪና ጥምዙን ዞረች፣ ጉሙን ገፋ።

ጉልበቴ ያኔ ከዳኝ። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ
ይማም ዓይኑን ገልጦ አየኝና «አብሽሪ» አለኝ፣ «እህትዬ።»
እኔን!

በይ ተረከቢ። የወጣውን በየሰዓቱ ለኪ፣ ቱቦውን አትዘንጊ፤
ግፊቱ ዳግም ከጠበበ ኑርልኝን ቀስቅሺ፣ እኔንም ፈልጊ።
ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም፤ ውሃውም አክታውም ተልኳል፣
ሚስቱም ትመርመር፤ ስሟን እንኳ መጠየቅ ረስተናል።

እኔ ልውረድ ወደ ቤቴ። ጦሳን ዛሬም ጉም ውጦታል።
መንገዱን ሁሉ የራሴን ሥር ይዤ ነው የምሄድ፤ ልማድ ሆኖብኛል።