አስራ ሁለተኛው ቆርቆሮ

ሐምሌ ነው። ከቀሃ ማዶ ጉሙ ወርዷል፤
የእማማ አትጠገብ ጣራ በሦስት በኩል ተቀዷል፤
ድስቱ ከምድጃ ወርዶ ለጠብታ ተጥዷል።

ቅዳሜ መጣን፤ ሦስት ጡረተኛ፣ አምስት ጎረምሳ፣
እኔ ምስማር አቀባይ፣ ምስማሬ በቲማቲም ጣሳ።

መምህር አደራጀው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ፣
ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔ ይዘው የቀሩ፣
ከግድግዳው ቆሙ፤ በክንድ ለኩና
«አስራ አንድ ቆርቆሮ ይበቃል» አሉና
ጻፉት ምርጊቱ ላይ፣ በዚያ በቁም ጽሕፈት፣
ከሥሩም አሰመሩ ሁለቴ፣ እንደ ጥንት።

እንየው ከመሰላሉ ላይ፣ ያ ባለባጃጅ፣
ዘጠነኛ ክፍል የወደቀ በእኒሁ ሰው እጅ፦
«ጋሼ፣ ድርቡን ረሱት፤ አንዱ ባንዱ ካልተኛ
ውሃው መንገድ ያገኛል። አስራ ሁለት ነው የእኛ።»

ዝም አልን። መዶሻው እንኳ አየር ላይ ቀረ።
(አባቱም በእኚህ ሰው ዱላ ተምሮ ነበረ።)

ጣራውን አዩ፤ ጽሑፉን አዩ፤ ሳቁ፤
በመዳፋቸው ያሰመሩትን ፋቁ፤
ጠመኔውን ወደ ላይ ዘረጉ።
«አንተ ጻፈው።»

ማታ ዘነበ፤ እስኪነጋ አፈሰሰ፤
ድስቱ ግን ወደ ሽሮው ተመለሰ።
ምርጊቱ ላይ አለ፣ የእንየው ጠማማ አስራ ሁለት፣
ከጎኑ፣ በመምህሩ እጅ፣ ትንሽዬ ራይት።