ድኖ የዘጋ

በመጋቢት ነበር የከፈቱልኝ በሩን፣
በእጄ አንጓ አሹልከው የሽቦውን ክሩን፤
ጫፉ ላይ አንድ ፊኛ፣
የፎገራ ሩዝ የሚያህል፣ ታጥፎ የተኛ።
ነፉት። ደረቴን ተጫነኝ። "ቻል" አሉኝ፤ ቻልኩት።
አስተነፈሱት።
"ደሙ መንገድ አገኘ" ሲሉኝም አመንኩት።

በሳምንቱ ጀልባዬን ከወደቡ ፈታሁ፣
እስከ ዘጌ ድረስ እያፏጨሁ ነዳሁ።
ጣና ጠርታ ነበር፤ ይታይሽ ከኋላ
"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልበ ጠባብ ያልኩህ፣ በፊኛ ሰፋህ?" ብላ
ሳቀች።

መስከረም ላይ ግን፣ የቤዛዊትን ዳገት ግማሹን ሳልወጣ፣
ያ የድሮው እንግዳ ሳያንኳኳ መጣ፤
ከግራ ክንዴ ተነሥቶ መንጋጋዬ ገባ።

ዶክተር ውብአንቺ ሥዕሉን አሳየችኝ፦
ጥቁር ወንዝ ነው፤ እዚያው ቦታ ሲደርስ አንገቱ ክር ሆነ።
"አልሠራችሁትም እንዴ?" አልኳት። እኔ የሞተር ሰው ነኝ፤
የጠረግኩት የናፍጣ ቱቦ ተመልሶ ቢዘጋ፣ ባለቤቱ ምን እንደሚለኝ
አውቃለሁ።

"ሠርተነዋል" አለች። "ፊኛው ሲለጥጠው ግድግዳው ቆሰለ፤
ቁስል ደግሞ ይድናል። ሥጋ በሥጋ ላይ እየደራረበ፣
ከልኩ አለፈና መንገዱ ጠበበ።
ድኖ ነው የዘጋው።"

ድኖ መዝጋት!
ጎማ አይድንም፤ ብረትም አይድንም፤
እንዲህ ያለ ብልሽት እጄ ነክቶ አያውቅም።
ጎረቤቴ አትንኩት "እንደ እምቦጩ ነዋ፣ ስትነቅለው ይበቅላል" አለኝ።
አይደለም። እምቦጭ ባዕድ ነው፤ ይኼ ግን ከራሴው ነው የበቀለብኝ፣
ልክ እንደ ደግነት፣ ማቆሚያውን የረሳ።

እና ወንድሜን አሰብኩ፣ ይርሳውን።
በአባታችን ጀልባ ተካሰስን፤ ሽማግሌ ገባ፤ ታረቅን፤ ተሳሳምን፤
ቁስሉ ዳነ።
ጠባሳው ግን እያደር ደጃፋችንን ሞላው።
አሥራ አንድ ዓመት፣ የእሱ እግር ወደ እኔ፣ የእኔም ወደ እሱ አላለፈም፤
"ምን ሆናችሁ?" ለሚለን
"ምንም፤ ታርቀናል።"

ነገ ማለዳ አዲስ አበባ ነኝ።
መድኃኒት የተቀባ የብረት ወንፊት ይተክሉልኛል፤
መድኃኒቱ አይፈውስም፣ አለች ውብአንቺ፣ ፈውሱን ያዘገየዋል፤
ሥጋን "ቀስ ብለህ ዳን" ይለዋል።

ማታ ከወደቡ ጫፍ ተቀመጥኩ።
ደንገሉ ይሸታል። ከዓባይ መውጫ በኩል ጉማሬ ያጉረመርማል።
ስልኬን አወጣሁና የይርሳውን ቁጥር ነካሁት።
ጠራ።

ጠራ።