አስታዋሽ

ደብረ ብርሃን፥ በብርድ ልብስ ፋብሪካው አዳራሽ፥
ሽመክት ተዋናይ፥ እኔ ቃል አስታዋሽ።
ከሣንቃው ሥር ሆኜ፥ ሻማ ለኩሼ፥
የሱፍ ብናኝ ስስብ፥ ጋቢዬን ለብሼ፥
ቃሉ ሲጠፋበት ቃል አቀብላለሁ፤
ጭብጨባውን ከጫማው ሥር ሆኜ እሰማለሁ።

ሁልጊዜ ወታደር፥ ሁልጊዜ ሟች እሱ፤
በሦስተኛው ገቢር ሲደፋ፥ ካንድም ሁለት ጥርሱ
እዚያው ሣንቃው ላይ ቀረ።
አንዱ በስንጥቁ ሾልኮ ከጭኔ ላይ ሰፈረ።

ቅዳሜ ገበያ፥ ሽንኩርት ሲመርጥ ቆሞ፥
«አልሞትክም እንዴ አንተ?» ይለዋል ሰው ደግሞ።
«እሑድ ነው» ይላል እሱ፥ ሽንኩርቱን አገላብጦ፥
«በስምንት ሰዓት። ሦስት ብር ተቀምጦ፥
ሁለት ብር ቆሞ።»

ክበቡ ሲዘጋ አዲስ አበባ ወርዶ
በፊልም መሞት ጀመረ፤ በመርዝ፥ በጥይት፥ አንዴም ታርዶ።
ለሥልጠና ቱኒስ ሊሄድ ነው ሲሉን፥
«ባሕር ቀርቶት ነበር» ብለን ሳቅን ሁላችን።

ደብዳቤው መጣ፦
«ሙንጂ የሚባል ሽማግሌ አለ እዚህ፥ እንደኔው ተዋናይ፥
አርባ ዓመት በር ከፋች፥ ስልክ አንሺ፥ ሻይ አቀባይ፤
አሁን ፊልም ይሠራል። ‹እንዴት ተሻገርክ?› አልሁት።
‹ከካሜራው ፊት እስከ ጀርባው አራት እርምጃ ነው፤ ቆጠርሁት፤
እግሬን ግን› አለኝ፥ ‹አርባ ዓመት ፈጀበት።›»

ተመለሰ። የእናቱን ቤት አስይዞ ካሜራ ተከራየ፤
ለባትሪ ተሸካሚነት ከኔ የሚሻል አላየ።
«ፕሮዲውሰሩ ማነው?» ቢሉት፦ «የእናቴ ቤት። ጣሪያው ያፈሳል፤
ፊልሙ ካልሆነ ባንኩ ይጠግነዋል» ይልና ይስቃል።

ጣርማ በር፥ ከዋሻው አፍ። ጉም ከደብረ ሲና ይወጣል እየዳኸ።
ጭላዳ ካፋፉ ላይ ያለ ቲኬት ያያል፤ አንድም አልጮኸ።
የመሐል ሜዳው ልጅ፥ የወታደር ልብስ ሰፍቶት፥
ሰባት ጊዜ ወደቀ፤ አንዱም አልመሰለም ሞት።
«ሰው ሲሞት መሬት አይመርጥም!» አለ ሽመክት።
ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። ቆጠርኩ፤ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት፤
ከካሜራው ፊት ቆመ፥ በዚያ ብርድ፥ በስልሳ ሁለት ዓመት።
ወደቀ።

ማንም አልተነፈሰ። ካሜራው ይዞራል።
ጉሙ ደረሰ፤ ጫማውን ዋጠ፥ ወደ ጉልበቱ ይሄዳል።
የካሜራው ልጅ እኔን ያያል፥ እኔ መሬት አያለሁ፤
«ካት» የሚለን ሰው እኮ ነው የተኛው።

ባትሪውን አስቀመጥኩ። ጎንበስ አልሁ ወደ ጆሮው፥
እንደ ድሮው።
«ሽመክት፤ ያንተ ተራ ነው። ቃሉን ልበልህ?»

ዓይኑን አልገለጠም። ከንፈሩ ብቻ፦
«ዝም በል። ጉሙ ይለፍ።»