የዛናቸው ፍየል

ሰንበት ወጣ። ሦስት ኮከብ ታየን ሰማይ ላይ፤
ገዴራ፣ ሊፍት በቆመበት አራተኛ ፎቅ ላይ
ሊራን ከጦር ሰፈር በፈቃድ መጣና
ሣጥን ዘረገፈ፣ ጠረጴዛ ጠርጎ አጸዳና።

"ይኸውላችሁ" አለ፣ "ይኼ ነው ተራራው፤
ቀድማ ጫፍ የወጣች ፍየል ናት የምትረታው።
ካርዳችሁን ደብቁ፣ የማን የት እንዳለች አይታወቅ፤
ዳይስ ጥሎ መግፋት ነው፣ መዋሸት ነው፣ መሳቅ።"

ከአምስቱ አንዷ ጠፍታ (ሶፋው ውጧት ይሆናል)
በእሷ ቦታ የሚጥሚጣ ክዳን ይሮጣል።
ሼቄል አላስያዝንም፣ ምስር ነው ቁማሩ፤
ለሰኞ ወጥ የታሰበ፣ ገና ከነጠጠሩ።

እኔ አለሁ፣ የገበያ አዳራሽ የሌሊት ዘበኛ፣
ሌባ በርምጃው ለያለሁ የምል ጉረኛ፤
የሽወርቅ እህቴ፣ ባንክ ቤት የምትሠራ፣
የተበዳሪን ዓይን የምታነብ ተራ በተራ፤
ጎረቤት ሉድሚላ፣ ከታች የመጣችው፣
ጨው ልትበደር ወጥታ እዚያው የቀረችው፤
ብርቄ፣ ከጎኗም ባሏ፣ አጎቴ ዛናቸው።

ለሱ ውሸት ማለት የሰው ጫማ ነው፤
ገና ሊሞክረው ሲል ጆሮው ቀልቶ የሚያጋልጠው።
አውቶቡስ ሲጠርግ የወደቀች አንድ ሼቄል ቢያገኝ
ባለቤት ፍለጋ እስከ ረሆቮት የወሰደኝ።

በመጀመሪያው ዙር ካርዱን ገለጥ አድርጎ
"የኔ ነጯ ናት" አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።
ሳቅን። ሰው ምስጢሩን እንዲህ ይናገራል እንዴ?
ይኼማ ወጥመድ ነው፣ የሽማግሌ ዘዴ!
ጥቁሯን አንሸራተትን፣ ቡላዋን መለስን፣
ነጯ ቀስ እያለች ጫፍ ላይ ወጣችብን።
ካርዱን ሲገለብጠው፣ ነጭ! ከነቀንዷ ነጭ፤
"ብያችሁ ነበር" ብሎ ምስሩን ዝቆ ቁጭ።

በሁለተኛውም ዙር "ክዳኗ ናት" አለን።
"እውነት በተከታታይ? አይሆንም!" አልን ሁላችን።
ክዳኗ ተንኳኩታ፣ ተንከባላ አሸነፈችን።

ውሸትንማ እናውቃለን፤ ቢሮ ለቢሮ ዞረን
"ፋይልህ ጠፍቷል" ሲሉን አንገት ነቅንቀን ያለፍን።
እውነት ግን ፊት ለፊት፣ ጫማዋን አውልቃ
ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ማን ያውቃታል በቃ?

በሦስተኛው ነቃን። "ቀይዋ" ሲል አመንን፤
ቀይዋን ጎትተን ከጉድጓድ ጨመርን።
ሉድሚላ በሩስኛ "አበቃለት" አለች
(መሰለኝ፤ ሩስኛ አላውቅም)፤ ስንስቅ፣ ስንፎክር
በጓሮ በኩል ዞራ አንዲት ፍየል ጫፍ ላይ ወጣች።
ካርዱን ገለጠው።
ጥቁር።

ጆሮው አልቀላም።

ሊራን ጮኸ፣ ጨበጨበ፣ የሽወርቅ ጠረጴዛ መታች፣
ምስሩ ተበተነ። ብርቄ ብቻ ዝም አለች።
አርባ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት
ያን ጆሮ አየችው፣ እንደ አዲስ ጎረቤት።

"ዛናቸው" አለችው፣ ድምጿን ሳታነሣ፣
"ያኔ ካራቫን ሳለን፣ ድስቷ ስታንስ ለምሳ፣
'ሥራ ቦታ በላሁ፣ ልጆቹን አብሊያቸው'
ስትለኝ፣ ሁልጊዜ..."
ዝም አለ ዛናቸው።

ከምንጣፉ ላይ ምስር ለቀመ፣ አንድ፣ ሁለት፤
ጠጠሯን ለየና ከጫፍ አስቀመጣት።
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ታች መኪና አለፈ።
ጆሮው አሁን ቀላ፣ እስከ አንገቱ ዘለቀ።

"ተራው ያንቺ ነው" አለ፣ ዳይሱን ሰጣት።
ጣለች። ስድስት ወጣ።
"የኔ" አለች፣ "ቡላዋ ናት።"

ሁላችንም፣ እሱም፣ ጆሮዋን አየነው፤
ጉትቻዋ ብቻ ነው የሚወዛወዘው።