የክብር ራት

ቫንኩቨርን ትተን በወጣን በማግስት
በካቢናችን በር ሥር ሾልካ የገባች ወረቀት
«የክብር ራት ነው ዛሬ ማታ» ትላለች፣
ጂንስና ነጠላ ጫማ ትከለክላለች፤
ለወንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣
ለሴት ረጅም ቀሚስ፣ ከቻለች የሚያፈዝ።

እኔስ ልብሴ አለ፤ ከበርናቢ ገበያ
በግማሽ ዋጋ የገዛሁት፣ ወይን ጠጁ ሐር፣ ከነመስቀያ።
አንተ ግን አልጋው ጫፍ በካልሲ ቁጭ ብለህ
ጥቁሩን ኮት እንደ ባላንጣ ታየዋለህ።

ሃያ ሁለት ዓመት ለብሰኸዋላ!
በሆቴሉ አዳራሽ፣ ሙሽራ ሲበላ፣
ትሪ በመዳፍህ፣ ፎጣ በክንድህ ጣል፣
«ውሃ!» ሲሉህ፣ ስትል «እሺ፣ ይመጣል»።

«ይህን ለብሼ ልውጣ?» አልከኝ፤ «ጥሩወርቅ፣
አሳላፊ መስዬ! የአንዱ ሹካ ሲወድቅ
ወደኔ ነው የሚዞረው።»
ሳቅኩ፤ ከዚያ አፈርኩ።
እያጉረመረምክ ለበስከው፤ ትከሻህን ጠረግኩ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ የሬጃይና ሽማግሌ ቆሟል፣
ያልታሰረ ቢራቢሮ ክራባት አንገቱ ላይ ተጋድሟል።
ቃል ሳትናገር አሰርክለት፣ ጣትህን እንኳ ሳታይ፤
እሱ እንደ ሕፃን አገጩን አንስቶ ወደ ላይ።

ማዕድ ላይ ደግሞ፣ ሥጋው ተበልቶ ሲያበቃ፣
እጅህ ሳያማክርህ ከጭንህ ላይ ነቃ፤
ሳህን በሳህን ላይ፣ ቢላ ከሹካ ሥር፣
ደረደርከው ሁሉን፣ ኮሽ ሳይል ነገር።

ፊሊፒናዊው አሳላፊ መጣ፣ አየና ቆመ፤
«የት ሆቴል ነበርክ?» አለህ። ፊትህ ለመለመ።
ወሬያችሁ በትሪ ክብደት፣ በእግር ሕመም ተሳበ፤
ወይን ጠጁን ቀሚሴን
ማንም ሳያይልኝ ጣፋጩ ቀረበ።