ፊሽካው ተመልሷል

መዝገብ ቤት ነው ሥራዬ፤ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣
ከጣቢያው ጀርባ ያለ ክፍል፣ ጣሪያው ዝናብ አዝሎ።
አቧራው አንደኛ ሠራተኛ፣ እኔ ሁለተኛ፣
ሦስተኛው አይጥ ነው፣ ማታ የሚገባ ተረኛ።

በመጋቢት ደብዳቤ መጣ፦ «ለመታሰቢያው ድንጋይ
በሥራ ላይ የወደቁትን፣ ከዛሬ እስከ ጥንቱ ድረስ፣
ስም ከነማዕረጋቸው ተለይቶ
እስከ ሚያዝያ መባቻ እንዲደርስ።»

ከቅርቡ ጀመርኩ። ቀላል ነው የቅርቡ፤
ፎቶ አለው፣ ማኅተም አለው፣ በር ላይ ይቆማል ቤተሰቡ።

ምክትል ሳጅን አሰገደች ዋቅጅራ፣ ትራፊክ፤
ቸርችል ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን የከዳው ሲኖትራክ።
ተማሪ እያሻገረች ነበር፤ ሰባቱ ተሻገሩ።
ነጭ ጓንቷ ፖስታ ውስጥ አለ፣ የግራው ብቻ፤
የቀኙን ማንም አልጻፈው።

ኮንስታብል ጉደታ ስንቄ፤ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣
የቆሎ ሻጯን መቀነት ነጥቆ የሮጠውን ሲያባርር
ጩቤ ጠበቀው። መቀነቱ ውስጥ አርባ ሦስት ብር ነበር።
መርማሪው ቆጥሮ ጽፎታል፤
እኔም አልዘለልኩትም፣ እንዳለ ገለበጥኩት።

ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ቀለሙ እየከዳኝ፣
ኮንስታብሉ ቀረና የአራዳ ዘበኛ መጣልኝ፤
ዱላና ፊሽካ ይዞ፣ ጭቃውን በእግሩ እየለካ፣
የሱን ዓይን ለሰው እንቅልፍ እየተካ።

ከዚያ አንድ ገጽ፣ ጥጉን ምስጥ የቀመሰው፤
እንዲህ ይላል፣ ቃል በቃል፦

«በዚሁ፡ ሌሊት፡ በገበያው፡ ዳር፡ አንድ፡ ዘበኛ፡ በሌቦች፡ ተመቶ፡ ሞተ።
ፊሽካው፡ ለዕቃ፡ ቤት፡ ተመልሷል።»

ይኸው ነው።
ፊሽካው ቁጥር አለው፣ ፸፬።
አስረካቢው ፈርሟል፤ ተረካቢው ፈርሟል።
ትንፋሹን ያዋሰው ሰው ስም የለውም።

ሦስት ቀን ፈለግሁት። በደሞዝ መዝገብ፣ በቀለብ መዝገብ፣
በቅጣት መዝገብም፤ ሰክሮ እንኳ በተገኘ ብዬ ተመኘሁለት፣
ለሰካራም ስም ይጽፉ ነበር።
አልሰከረም።

አልደብቅም፤ ፖሊስ ሲያልፍ ደስ እያለኝ አላደግሁም።
ወንድሜን ከዶሮ ማነቂያ ወስደው በሦስተኛው ቀን ሲለቁት
እግሩ ጫማው ውስጥ አልገባም።
የዚያን ሌሊት ተረኛ ስሙን አውቃለሁ፤
እዚሁ መደርደሪያ ላይ አለ፣ በሚያምር ጽሕፈት።
ድንጋዩ ላይ አይወጣም እሱ፤ አልጋው ላይ ነው የሞተ፣
ጡረታውን በልቶ፣ ልጆቹ ከበውት።
እናም ይህን ስም አልባ ስፈልግ
ለማን ብዬ እንደምፈልግ አንዳንዴ ይጠፋኛል።
ብቻ ፈለግሁ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ፦ «ስም የሌለው አይቀረጽም፤
ቀራጩ የሚያስከፍለን በፊደል ነው።»
«እንግዲያስ ይህ በነፃ ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ዝርዝሩን ስልክ፣ ከሠላሳ አንዱ ስም ግርጌ፣
ማዕረግ ሳልጨምር፣ ሰበብ ሳልደረድር፣
፸፬ ብዬ ጻፍኩ።
ቀራጭ የታዘዘውን ይቀርጻል፤ ቀረጸ።

አሁን አበባ ይዘው የሚመጡ፣ ግርጌዋን ቁጥር እያዩ
«ለካ ሰባ አራት ናቸው» ይላሉ።
አንዲት ሴት ልጇን «እስቲ ቁጠር» አለችው፤
በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ሠላሳ አንድ ላይ አለቀበት፤
ግራ ገብቶት ደግሞ ከላይ ጀመረ።

ትናንት ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ በቀይ የተሰመረበት፦
«ድምሩ አይገጥምም። ጉድለቱ በጽሑፍ ይገለጽ።»

ብዕሬን አነሳሁ፤ በዚያው በጥንቱ አጻጻፍ፣
በቃልና በቃል መሐል ነጥብ እየጣልኩ፣
መለስኩ፦
«ፊሽካው፡ ተመልሷል። ሰውየው፡ ገና፡ ነው።»