ተመላሽ

ሃያ ሦስት ዓመት፣ ከሳጥኖች ጀርባ፣
በዋናው ፖስታ ቤት፣ ደብዳቤ ሳስገባ፣
የሰው ፊት አላውቅም፤ የማውቀው ጣቱን ነው፣
ቁልፍ አዙሮ ሲከፍት፣ በቀዳዳው የማየው።
በዚህ ከተማ ደጅ የሚያንኳኳ ፖስተኛ የለም፤
ቁልፍ ያለው ይመጣል፤ የሌለው ይጠብቃል፣ አንዳንዱም ለዘላለም።

ሳጥን ሁለት ሺህ አርባን የምትከፍተው፣
ጣቷ ጫፍ ላይ ሰማያዊ አለ፣ ሳሙና የማያስለቅቀው።

ወንድሜ ደምመላሽ ጥቁር አንበሳ ተኝቷል፤
አምስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር። ስሜን መጥራት ትቷል።
በጥር የሽምብራ ፍሬ፣ በሚያዝያ የዶሮ ዕንቁላል
የምታህል ነገር ከራስ ቅሉ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ይላል
የሐኪሙ ወረቀት።

መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም።
በክንዱ ይገባል፣ በደሙ ይዞራል፣
ጉበቱን ይጎበኛል፣ ጸጉሩን ያረግፋል፣
እግር ጣቱ ድረስ ወርዶ ሰላም ይላል፤
ከአንጎሉ ደጃፍ ሲደርስ፣ ይመለሳል።

አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ በደረጃው ስወጣ፣
ያ ጣት የብረት መደገፊያውን ይዞ ከላይ መጣ።
ፊት አለው ለካ።
«ሰማያዊው ምንድን ነው?» አልኳት፣ ሰላምታ ሳላስቀድም።
ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሩሐማ ትባላለች። ተመራማሪ ናት እንጂ ሐኪም አይደለችም።

«ይህን ቀለም ከአይጥ ደም እጨምራለሁ፤
ጆሮዋ፣ ቆዳዋ፣ ጉበቷ፣ ሰማይ ሲሆን አያለሁ።
አንጎሏን ስከፍተው ግን ነጭ ነው፤ ወተት።
በዚያ ሁሉ ሰማይ መሐል፣ ያልተነካ አንድ ቤት።
የደም ሥሩ ግድግዳ፣ ሴል ከሴል ተሰፍቷል፤
የመርፌ ቀዳዳ የለው፤ ስኳር እንኳ አስፈቅዶ ያልፋል።»

አባቴ ሲሰይመው፣ የአጎቴን ደም ይመልሳል ብሎ ነበር፤
ስሙ ሠመረ፤ ይኸው ደም ይመልሳል፣ ከገዛ ራሱ በር።

ግንቡን ረገምኩት።
«አትርገሚው» አለች፣ ጣቷን እያሸች፤
«ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቆታል፣ ምሳ በበላ ቁጥር፣
የደሙ ጨው ሲዋዥቅ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ መብረቅ እንዳይፈጠር።
ክፋት የለበትም፤ እንግዳን ከሌባ መለየት ነው ያቃተው።»
እኔስ ስንቱን መልሼ የለ፣ አንዲት ቁጥር ስለሳተው።

«ታዲያስ?»
«አንጎል ብረት ይወዳል፤ የብረት ሳጥን አለው፣ በሩ ላይ።
መድኃኒቱን በስብ ፖስታ አሽጌ፣ የብረትን አድራሻ ከላይ
እጽፋለሁ። ቁልፉ ከዞረ፣ ብረት መስሎት ያስገባዋል።»
«ገብቶ ያውቃል?»
«ከመቶ አራት። በአይጥ።»
ከዚያ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ «አንዳንዴ ሦስት።»
ለሰው መቼ ነው፣ አላልኳትም። ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ከሥር
«መንገድ!» እያሉ መጡ። ተነሥተን ተለጠፍን፣ ከግድግዳው ዳር።

የደምመላሽ አርባ ሳይወጣ፣ ሰኞ ጧት፣ አንድ ፓኬት መጣ፣
በበረዶ የታሸገ፤ ካርቶኑ ላብ ያወጣ።
ስሟ አለ። የሳጥኑ ቁጥር ግን ሁለት ሺህ አራት መቶ።
ደንቡ ይታወቃል፤ ቁጥር ከሳተ፣ ማኅተም ተመቶ፣
ተመላሽ።

ማኅተሙን አነሣሁ። እጄ ላይ ትንሽ ቆየ።
ቀለሙ ለካ ሰማያዊ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ዓይኔ ይህን አላየ።

ፓኬቱን ታቅፌ፣ በቸርችል ጎዳና፣ በሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት መሐል፣
ደንቤን ጥዬ ሄድኩ። በረዶው ክንዴን እንደ እሳት ይለበልባል።
ሆስፒታሉ በር ላይ ሰልፍ ነው፤ ምሳ ዕቃ ሁሉ ተከፍቶ ይታያል።

«ብረት ይዘሻል?» አለችኝ ፈታሿ፣ ደክሟት፣ በሩ ላይ።
«አዎ» አልኳት።
ሳቅ አለችና፣ «ግቢ» አለችኝ፣ ካርቶኑን ሳታይ።